ለእንግዳ የማይታይ ጫካ

ባሌ ኤሊ ሰው አያምንም። እኔም በዚህ አልወቅሰውም፤ በኛ ቀበሌ ሰው አምኖ የከበረ አላየሁም። እሱ ግን ያበዛዋል። ቦንጋ ገበያ ወርዶ ማር ሲሸጥ፣ «ይሄ ማር ከየትኛው ዛፍ ነው የወረደው?» ብሎ የጠየቀውን ገዢ ሁለተኛ አይሸጥለትም።

ቀፎ የሰቀለባቸው ዛፎች ከቤታችን በላይ፣ ከተራራው ጀርባ ናቸው። ጫካው የአባቱ፣ ከዚያ በፊት የአያቱ ነበር። ወረቀት የለውም፤ የማን እንደሆነ ግን አገር ያውቃል። የምንበላው፣ የምንለብሰው፣ ልጃችንን አብነትን አስተምረን ዋጫ ከተማ መምህር ያደረግነው በሱ ነው። በነኤሊ ቤት ወግ ደግሞ የቀፎ ዛፍ ለእንግዳ በጣት አይጠቆምም። አባት ለልጁ እንኳ የሚያሳየው መሞቻው ሲቃረብ ነው። አማቴ በሰው ተደግፈው ወጥተው ለኤሊ አንድ በአንድ አሳይተውት፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። አብነት እስካሁን አንዱንም አያውቅም፤ አባቱ ጤነኛ ነዋ።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ደምመላሽ ስብሰባ ጠራን። ደምመላሽ ከዞን የሚመጣ ኤክስፐርት ነው፤ የቦንጋ ልጅ ነው፣ ትሁት ነው። ከጎኑ አብርሆት የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ተቀምጣለች። ሥራዋ ሰው ተራራ ለተራራ ይዞ መዞር ነው ተባልን። በየቀበሌው ያለው ተራራ ታይቶ ለካምፒንግ የሚሆነው ሊመረጥ ነው አለ ደምመላሽ። ከአዲስ አበባም ከውጭም እንግዳ ይመጣል፤ ድንኳን ተክሎ ያድራል፤ በእግሩ ጫካ ለጫካ ይሄዳል፤ ጉሬዛና ወፍ ያያል፤ ወደ ፏፏቴ ይወርዳል። ጫካው የተመረጠለት ቀበሌ ማኅበር አቋቁሞ ራሱ ያስተዳድረዋል፤ ማንም አይነካበትም። ያልተመረጠውስ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ኤሊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ቤት ያለው ሰው ለምን ደጅ ያድራል አለኝ።  እኔ የማውቀው ደጅ የሚያድረው ወይ ሰብል የሚጠብቅ ነው፣ ወይ ከሚስቱ የተጣላ።

ደግሞም አይተናል። ከኛ በታች ያለው ቀበሌ፣ «ለጥናት ነው» ያሉ ሰዎች እንዲሁ በትሕትና መጥተው፣ ቆጮ በልተው፣ አመስግነው ሄዱ። በዓመቱ ዶዘር መጣ። ዛሬ እዚያ የኢንቨስተር ሻይ ነው የሚታየው፤ የጫካው ባለቤቶች የነበሩት ሰዎች በቀን ሥራ ቅጠል ይለቅማሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ቤታችን የተራራው መውጫ ላይ ስለሆነ እንግዶቹ እኛ ዘንድ አረፉ፤ መንገድ የሚመራቸውም ኤሊ ሆነ። አብርሆት ሻንጣዋን ስትፈታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። የታጠፈ ድንኳን፣ ሰው ገብቶ የሚተኛበት ከረጢት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። እነሱ ባልከፉ፤ ጥያቄዋ ነው የከፋው። ውሃው በበጋ ይደርቃል? ዛፎቹ ስንት ዘመን ሆናቸው? ቀፎዎቹ የማን የማን ናቸው? ሞባይል የሚመስል ነገር አውጥታ፣ የቆመችበትን ቦታ ከሰማይ እንደሚነግራት ስታስረዳ ኤሊ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ቆጮ እያቀረብኩ፣ ደጅ እንደምታድሪ እናትሽ ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። ሳቋን አልወደድኩትም። ዛሬ ሳስበው ሳቋ ምንም አልነበረበትም።

በማግስቱ ጠዋት ሲወጡ አጥሩ ጋ ቆሜ ሸኘኋቸው። ኤሊ ወደ ጀርባው በሚወስደው መንገድ አልሄደም። በቀኝ በኩል ታጠፈ፣ ድሮ ታርሶ ወደተተወው፣ ባሕር ዛፍና ቁጥቋጦ ወዳለበት። ያን ጊዜ የሚሠራው ገባኝ፣ ደስም አለኝ።

የሆነውን ማታ እየሳቀ ነገረኝ። አብርሆት ትልልቅ ዛፎች የሉም ወይ ብትለው ነበሩ፣ አለቁ አላት። ፏፏቴውስ ብትለው ደርቋል። ጉሬዛስ ብትለው ተሰዷል። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ከተራራው ጀርባ ጉሬዛ ጮኸ፤ ኤሊ ጩኸቱ እንዳይሰማ ጮክ ብሎ ሳለበት። ደምመላሽ ግን ጠጋ ብሎ በካፊኖኖ፣ በኛ ቋንቋ ጠየቀው፤ ከጀርባ በኩል ደህና ጫካ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው ወይ አለው። ኤሊም መንገዱ ገደል ነው፣ ጎሽ አለበት፣ ያለፈው ክረምት ሰው ወግቷል ብሎ አስፈራራው። እንግዶቹ እዚያው ቁጥቋጦው መሀል ድንኳናቸውን ተክለው፣ ነፋስ ሲያንገላታቸው አድረው ወረዱ። አብርሆት ስትሰናበተኝ ሁለት እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ኤሊ የዚያን ሰሞን እንደሳቀ በሠርጋችንም አልሳቀም።

ክረምቱ አለፈ። የካምፑ ቦታ ሌላ ቀበሌ ሆነ ሲባል ሰማን። ኤሊ፣ እንኳን ቀረብን፣ የደረሳቸው ይጠንቀቁ አለ።

መስቀል ሲቃረብ ደምመላሽ ብቻውን መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ፤ ቆጮ ባቀርብለት አልነካም። ሲመጣ ሳይሆን ሳይበላ ሲቆም ነው የደነገጥኩት። ለኤሊ ቆሞ ነገረው። ያን ጊዜ የታየው ሁሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ነባር ጫካ የታየበት ቦታ ተከልሎ ለየማኅበሩ ተሰጥቷል፣ ዶዘር አይገባበትም። ጫካ ያልታየበት ለኢንቨስተር ተመድቧል።

«የእርስዎ ተራራ ባዶ መሬት ተብሏል፣ ጋሽ ኤሊ» አለ።

ኤሊ ብድግ አለ። ከዚያ ገጀራውን ከግድግዳው አወረደ። ክፉ ነገር የመጣ መስሎኝ ተነሣሁ፤ እሱ ግን ቁጥቋጦ ሊመነጥርበት ኖሯል። ና ተከተለኝ አለው። እኔም ነጠላዬን አደግድጌ ከኋላቸው ወጣሁ።

ወደ ጀርባው ዞርን። ረጃጅሙ የቀረሮ ዛፍ ሰማዩን ሸፍኖታል፤ ፏፏቴው ከታች ይሰማል። ኤሊ ሽቅብ በጣቱ ጠቆመ። ይሄን ቀፎ አያቴ ናቸው የሰቀሉት፣ ይሄን አባቴ፣ ይሄ ንብ ሸሽቶት ዳግም የገባበት ነው፣ እያለ ከዛፍ ወደ ዛፍ ወሰደው። እኔ በስንት ዘመን ትዳር ያላየሁትን ለባዕድ ሲያሳይ ፊቴን አዞርኩ። ጉሬዛዎቹ ከላያችን ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ የሚስልባቸው የለም።

ደምመላሽ ኮፍያውን አውልቆ የዛፍ ሥር ላይ ቁጭ አለ።

«ያኔ ቢያሳዩን ኖሮ…» ብሎ ተወው።

«አሁን አየህ አይደለም? ሂድና ንገራቸው» አለው ኤሊ።

«እነግራለሁ። ርክክቡ ግን አልቋል፣ ጋሽ ኤሊ። ኢንቨስተሩ መሬቱን ተረክቧል።»

እኔ የደምመላሽን ፊት አየሁ። ውሸት ፈለግሁበት፤ ልማዴ ነው። አጣሁ።  ዋሽቶን ቢሆን ኖሮ የምንረግመው ሰው ይኖረን ነበር።

ሲሄድ ማንም አልሸኘውም። ኤሊ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ገጀራውን ሳር ላይ ሲጠርግ ቆየና፣ ነገ ወደ ዋጫ በሚሄደው ሚኒባስ ሰው ላኪ፣ አብነት ይምጣ አለኝ። የቤታቸውን ወግ ስለማውቅ ሄጄ ግንባሩን ዳሰስኩ።

«አሞሃል እንዴ?» አልኩት።

«አላመመኝም። ዶዘሩ ሳይደርስ ላሳየው ብዬ ነው። ቢያንስ ምን እንዳጣ ይወቅ።»