ወደ ግራ የሚወርደው ቀሚስ

ጠዋቱ እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ካውያውን ሰክታ የልጇን ቀሚስ ተኮሰች፣ ዳቦ ቆረጠች፣ ሻይ ቀዳች። ልጅቷ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ በሌላው እየነጠረች ቤቱን ታምሰዋለች።

"እማ፣ ካልሲዬን ማን በላው?"

"እኔ እንደሆንኩ ካልሲ አልወድም። አልጋሽ ስር እዪ።"

የሚሄዱት ግን ትምህርት ቤት አይደለም። ባለፈው ሳምንት የስፖርት አስተማሪዋ ሴቶቹን ጎንበስ ስታስደርግ የዚህችኛዋ ጀርባ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ አየች፤ አየችና ሐኪም ቤት ላከቻቸው። ራጁ ተነስቷል። ዛሬ ውጤቱን ይሰማሉ።

እናትየው የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ መቀመጥ አቃታት። እስከ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የማታውቀው ሰው ኮት ላይ የተንጠለጠለ ክር አይታ ልትቆርጠው እጇን ትዘረጋለች። አንዲት ደንበኛዋ የእህቷ ልጅ ጀርባ ተከፍቶ ብረት እንደገባበት ነግራታለች። ስለዚህ ነገር ለልጅቷ አልተነፈሰችም።

"እማ በናትሽ ተቀመጪ። ሰው ወረፋ አስከባሪ ነሽ ብሎ ሊጠይቅሽ ነው።"

ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። ራጁን መብራት ላይ ሰቀለው። አከርካሪው ከደረቷ መካከል ወደ ቀኝ ተለምጦ ወርዷል።

"ስኮሊዮሲስ ይባላል። አከርካሪ ወደ ጎን ሲታጠፍ ነው። መታጠፍ ብቻ አይደለም፤ እንደሚጨመቅ ፎጣ ጥምዝም ይላል። የጎድን አጥንቱን ወደ ኋላ የገፋው እሱ ነው። የእሷ ኢዲዮፓቲክ የምንለው ዓይነት ነው።"

"ኢዲዮ... ምን አሉኝ ዶክተር?"

"ምክንያቱ አይታወቅም ማለት ነው።"

"አናውቅም ለማለት ይሄን ሁሉ?" አለች ልጅቷ። ሐኪሙ ሳቀ። እናትየው አልሳቀችም።

ሐኪሙ በማስመሪያ ሁለት መስመር አሰመረ፤ አንዱን ከላይ በጣም ባዘነበለው አጥንት፣ ሌላውን ከታች። "መስመሮቹ የሚፈጥሩት ማዕዘን ኮብ አንግል ይባላል። የእሷ ሠላሳ ስምንት ነው።"

"ከስንት?"

"እማ፣ ፈተና አይደለም እኮ!"

"ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው እናቴ። ቀዶ ጥገና የምናስበው ከአርባ አምስት፣ ከሃምሳ ሲያልፍ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ተቀመጠች። ሐኪሙ ግን አልጨረሰም። የዳሌዋ አጥንት እንደሚያሳየው ልጅቷ ገና ብዙ ቁመት ይቀራታል፤ እሷ ስታድግ መታጠፉም አብሮ ሊያድግ ይችላል።

"ቀሚሷ ወደ አንድ ጎን ሲወርድ አላዩም? ብዙ ጊዜ እናቶች ቀድመው የሚያዩት እሱን ነው።"

"የኔ ቀሚስ አይወርድም፤" አለች ልጅቷ ኮራ ብላ። "እናቴ ልብስ ሰፊ ናት።"

በልብስ ስፌት ሙያ ደንበኛ ስለ ሰውነቱ ጉድለት አይነገረውም። አንዱ ትከሻ ቢያዘነብል ልብሱ ይታረምለታል፣ ሰውየውም ቀጥ ያለ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ በዚህ የተመሰገነች ናት። የልጇንም ቀሚስ በግራ በኩል አሳጥራዋለች፤ ቆይታ እንደገና አሳጥራዋለች፤ በኋላም ዝቅ ያለው ትከሻ ላይ ስፖንጅ አስገብታበታለች። የልጅቷ አባት የሞተበት ዓመት ነበር። ያን ዓመት ዓይኗን ከጨርቅ ሳታነሳ ነው የከረመችው።

"ወርዷል፤" አለች። "እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።"

ሐኪሙ ራጁን ከመብራቱ ላይ አወረደ። "ያለፈው አልፏል። ብሬስ እናሠራላታለን፤ ከልብስ ስር የሚታሰር ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ቀንም ሌሊትም ታደርገዋለች። አያቃናውም፤ እንዳይብስ ይይዘዋል። ከያዘው ከቢላዋ ትድናለች።"

መንገድ ላይ ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች።

"ታውቂ ነበር?"

"ጨርቁ መስሎኝ።"

"ሁሌም ጨርቁ?"

"ቦርሳሽም ይከብድ ነበር..."

"እኔን ማየት ነበረብሽ እኮ፣ እማ።" ይህን ብላ ቀደም ቀደም አለች። እናትየው ልትደርስባት ፈጠን ስትል እሷም ፈጠን አለች።

ብሬሱ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ልጅቷ ስትገላበጥ ፕላስቲኩ አልጋው ላይ ይንኳኳል፤ እናትየው በወዲያኛው ክፍል አብራት ትገላበጣለች። ከወራት በኋላ ሌላ ራጅ ተነሳ፤ ሐኪሙ መስመሮቹን አሰመረ። ሠላሳ ስምንት። አልጨመረም። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች።

ልጅቷ ደህና ናት። ትስቃለች፣ ከእናቷ ጋር ትበላለች፣ አስተማሪዎቿን ታማለች። ብሬሱን ግን በሯን ዘግታ ራሷ ታስረዋለች። ልብሷን ከሱቅ ትገዛለች፤ ሰፋፊ ነው፣ ወደ ግራ ይወርዳል፤ እናትየው ላስተካክለው ስትላት "ይሁን፣ ተዪው" ትላለች። እናትየው የልጇን ጀርባ የምታውቀው በራጅ ነው። መስተዋቱ ፊት ቆማ እጇን ዘርግታ "ለኪኝ" የምትላት ልጅ የለችም።