ቴምር የጫነችው መንኮራኩር

ሸምሲያ ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ላምበረት ባለው የአባቷ ሱቅ ጓዳ፣ ጠርሙስ በምታክለው የጋማ ጨረር መለኪያዋ ሥር ያስቀመጠችው ጥቁር ድንጋይ ፖታሲየም እምብዛም የለበትም። መለኪያው የሚያሳየው ግን ከጠዋት ጀምሮ ፖታሲየም በፖታሲየም ሆኗል። ከቀትር በኋላ ደግሞ፣ ጨረቃን እየዞረ አፈሯ ከምን እንደተሠራ በጋማ ጨረር የሚያነብ መሣሪያ የሚሠራው ቡድን በቪዲዮ ይፈትናታል። በዚህ ውጤት ማን ይቀበላታል?

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አባቷ አብዱልገኒ ካርቶን ተሸክሞ ሲገባ ዘወር ብትል፣ የረመዳን ቴምር ከጀርባዋ እስከ ጣሪያ ተከምሯል።

«አባ! ቴምሩ ውስጥ ፖታሲየም አለ!»

«ወላሂ የለም! ንጹሕ የመዲና ቴምር ነው! ማነው እንዲህ ያለው?»

ሸምሲያ እስክታነባ ሳቀች። «ኧረ አባ፣ ከተፈጥሮው ነው፤ ጨረርም ይረጫል! መለኪያዬ ድንጋዩን ትቶ ቴምርህን እያነበበ ነው።»

ያን ሁሉ ካርቶን ማውጣት የማይታሰብ ነው። ድንገት ግን የጠፈር መንኮራኩሮች ትዝ አሏት። የእነሱም አካል ጨረር ስለሚረጭ መለኪያውን በረጅም ክንድ አርቀው ይይዙታል። ወዲያው የሱቁን ሸራ ዘንግ አነሳች፣ መለኪያውንና ድንጋዩን በሻርፗ ጫፉ ላይ አሰረች፣ በመስኮት አውጥታ ለአባቷ አስያዘችው።

«ጋሼ፣ ዓሣ እያጠመዱ ነው?» አለ አንድ የታክሲ ረዳት።

«ጨረቃ ነው! ዞር በል፣ እንዳትጋርደኝ!»

የቪዲዮ ፈተናው ሲጀመር ፈታኟ ሸምሲያ የፈራችውን ጥያቄ ጠየቀቻት። «መለኪያሽ ክፍሉን ሳይሆን ድንጋዩን ማንበቡን በምን አወቅሽ?»

ሸምሲያ ካሜራውን አዞረች፤ ካርቶኖቹ፣ መስኮቱ፣ የአባቷ ጀርባ። «መንኮራኩሬ ቴምር ጭናለች፤ ስለዚህ ክንድ አወጣሁላት» አለችና ሁለቱን ንባቦች ጎን ለጎን አሳየች። ጓዳው ውስጥ በግራፉ ላይ ተራራ ያከለው የፖታሲየም ጫፍ፣ ውጪ ጉብታ ብቻ ሆኗል። ፈታኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ፈታኟ እንባዋን እየጠረገች «እንኳን ወደ ቡድናችን በደህና መጣሽ» አለቻት።

ሸምሲያ ጮኸች፤ ቴምር ሊገዙ የመጡት ሁሉ ደነገጡ። ከዚያ አባቷ ትዝ አላት። ኮፊያው ጆሮው ላይ ወርዶ፣ አሁንም ዘንጉን እንደያዘ ነው።

«ሸምሲ፣ ደረስን ወይስ ገና ነን?»

«ደረስን፣ አባ! ደረስን!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ደስታው ፊቱን ሞላው፤ እጁ ግን ዘንጉን አልለቀቀም። «ኧረ ቀስ» አላት፣ «ድንጋይሽ እንዳይሰበርብሽ።»