የሄቨን ዜማና የስመኘው በቆሎ

መምህር ዳኘው የጻፈው ዜማ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለዋሽንት፣ ለክራርና ለማሲንቆ የተሠራ ነው፤ በወረቀቱ አናት ላይ «ለተማሪዬ ለሄቨን፣ ዘጠኝ ዓመት ስለሞላት» ይላል። አባቷ እጅጉ ሁለት ጊዜ አነበበውና ፊቱ ጠቆረ።

እጅጉ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዘር መርማሪ ነው። በዚያው ሳምንት የመምህሩ ወንድም ስመኘው ከቡሬ ያመጣው የበቆሎ ዘር ጠረጴዛው ላይ ውጤት ይጠብቅ ነበር፤ ዜማው እጅ መንሻ መሰለው።

«መልሽለት» አላት ሚስቱን ውቢትን።

«ምኑን?»

«ዜማውን።»

«ዜማ እንዴት ይመለሳል? ልጅቷ በቃሏ ይዛዋለች እኮ!»

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው።»

«አንተማ ከቀበርክም በኋላ መቃብሩ ላይ ጆሮህን ትጥላለህ!»

ሐሙስ እጅጉ የትምህርት ቤቱን ዝግጅት ልምምድ ሊያይ ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ። ለሌላ ልጅ የተሠራ አሮጌ ዜማ ላይ ስሟ ብቻ የተለጠፈ መስሎታል። ሄቨን ዋሽንቱን ስትነፋ፣ ፍሬ እንደሚቆጥር ሁሉ ጣቶቿን አንድ በአንድ ተከታተለ። ዋሽንቱ አራት ቀዳዳ አለው፤ የታችኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተከፈተም። እዚያ ላይ ያረፈው አምና በር የጨፈለቀው፣ እንደ ልብ የማይነሣው ጣቷ ነው። ዜማው ለእሷ እጅ ተለክቶ የተሠራ ነው። ይህ ደግሞ ይብሱን አስፈራው። ይህን ያህል የደከመ ሰው ምን ቢፈልግ ነው?

ዓርብ ጠዋት ከስመኘው ዘር የበቀለውን ቆጠረ፤ ከመቶው ሰማንያ አንድ፣ ከሚፈቀደው በታች። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ነው። «አላለፈም» ብሎ ፈረመና ለስመኘው ነገረው። ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ዝግጅት ነበር። ማሲንቆውን የሚመታው ዳኘው ራሱ ነው፤ ተቆጥቶ ከቀረ ሄቨን በሰው ፊት ታፍራለች። እጅጉ ይህን እያወቀ ነው ውጤቱን ለሰኞ ያላቆየው።

ዳኘው መጣ። ሰላም ሳይለው አልፎ ተቀመጠና ማሲንቆውን ቃኘ። ክራር የያዘችው ሁስና ጀመረች፤ ሄቨን ተከተለች። እጅጉ የመምህሩን ፊትና የማሲንቆውን ደጋን ሲከታተል ዜማው አለቀበት።

በሩ ላይ ተገናኙ። እጅጉ ቀደመ።

«ወንድምዎ ደወለ?»

«ደውሏል፣ ጋሼ። እርስዎን ሲሰድብ ካርዱን ጨረሰ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ካርድ ነበረኝ፤ መልሼ ደውዬ ስድብ ጨመርኩበት።» ዳኘው አልሳቀም። «ይልቅ ሄቨን ሁለተኛው ዙር ላይ ትቸኩላለች፤ እኔን አልሰማ ብላለች። ልብ አላሉም?»

«አልሰማሁም» አለ እጅጉ። «ቢደግሙልኝስ?»

«እሷን ይጠይቋት» አለ መምህሩ። «ዜማው የእሷ ነው።»