የሚተነፍስ ክዳን

"ቆይ! ያን ነገር አስቀምጠው።"

አምባቸው የመበየጃውን እሳት እንደያዘ ቀና አለ። የትነበርሽ ከተቀመጠችበት ሳጥን ተነስታ ክንዱን ይዛዋለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የመዳብ ክዳን ተቀምጧል፤ መሃሉ አውራ ጣት በሚያስገባ ስፋት ተበስቶ፣ ቀዳዳው ላይ አንገት የምትሆን አጭር የመዳብ ቱቦ ቆማለች። የቀረው አንገቷን ከክዳኑ ጋር ማያያዝ ብቻ ነበር።

"በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው?" አለችው።

"ማያያዣ ነዋ፣ እትዬ።"

"ማያያዣነቱንማ አየሁ። ከምን የተሠራ ነው?"

አምባቸው ግራጫውን ሽቦ እንደ አዲስ አገላብጦ አየው። "እርሳስ አለበት። የማኪና ራዲያተር የምደፍነው በዚሁ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ስሠራበት አቤት ያለኝ ሰው የለም።"

"ከራዲያተር የሚጠጣ ሰው ስለሌለ ነው።" ሽቦውን ከእጁ ወሰደችና በተዘረጋው የሲሚንቶ ወረቀት ላይ ጫር አደረገችው። ደብዘዝ ያለ መስመር ተወ። "እየው፣ ይጽፋል። ትኩስ የአረቄ እንፋሎት ሲያጥበው ደግሞ እየሟሟ አብሮ ይወርዳል። ቀስ እያለ ደም ይመርዛል፤ የጠጣው ሰው እንኳ በምን እንደታመመ አያውቅም።"

"ይኼን ደግሞ ማን ነገረዎት?"

"እስከዳር ናታ" አለችና ሽቦውን ከወረቀቱ አርቃ አስቀመጠችው።

የትነበርሽ ከጎንደር በስተደቡብ ፀዳ በሚባለው ሰፈር የዳጉሳ አረቄ ማውጣት ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ሲሞት የጀመረችው በአንድ ማድጋና በአንድ የመቃ ቱቦ ነበር። ዛሬ ሁለት ጊዜ የወጣውን፣ ዳግም የሚባለውን ንጹሑን አረቄ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በስሟ ይጠሩላታል። ጌሾውን በማሽተት፣ ብቅሉን በጥርሷ ነክሳ ታውቃለች። ሙያዋን በሚመለከት ከማንም ጋር ስትከራከር ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም፤ የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነው።

እስከዳር የታላቅ ወንድሟ የማንያዘዋል ልጅ ናት። ከዳባት መጥታ እሷ ዘንድ እየኖረች የጤና ኮሌጅ ትማር ነበር። ከትምህርት ስትመለስ ደብተሯን ይዛ ምድጃው አጠገብ ትቀመጥና፣ እንጨት እየጨመረች የተማረችውን ለአክስቷ ትተርክላታለች። የእርሳስን ነገርም የነገረቻት ያኔ ነው። ባለፈው ጥር ግን በርሜሉ ፈነዳ። የትነበርሽ ሥራው ስለበዛባት ማድጋውን ትታ በብረት በርሜል ማውጣት ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነበር። የፈላው ድፍድፍ የእስከዳርን ቀኝ ክንድና አንገቷን ላጠው። አባቷ መጥቶ ልጁን ከሆስፒታል ይዟት ሄደ፤ ለእህቱ ደህና ሁኚ እንኳ አላላትም።

ለጠየቃት ሁሉ የትነበርሽ "በርሜሉ አርጅቶ፣ ዝጎ ነበር" ትል ነበር። መዛጉ እውነት ነው። ክዳኑን በወፍራም ሽቦ ጠፍራ ያሰረችው እሷ መሆኗን፣ ቱቦው በድፍድፉ ገለባ ሲደፈን እንፋሎቱ መውጫ ያጣውም በዚያ ምክንያት መሆኑን ግን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር አረቄ አላወጣችም። ቤት እያጠበች፣ ለሰው ዳቦ እየጋገረች ኖረች። ስትሠራ ግን ሐሳቧ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ እንዴት ቢሠራ ነው ማንንም የማይጎዳው?

አምባቸው ራሱን አከከ። "እንግዲያስ በብር መበየድ ነው። የብሩ ዘንግ ደግሞ እኔ ጋ የለም፤ ከባሕር ዳር አስመጣለሁ። አንድ ሳምንት፣ ግፋ ቢል ሁለት።"

"ነሐሴ እኮ አለቀ። ለእንቁጣጣሽ ቃል የገባሁላቸው ሰዎች አሉ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ እትዬ? መዳብን ከመዳብ ያለ እርሳስም ያለ ብርም ማያያዝ አይቻልም።"

የትነበርሽ ጥግ ላይ በጆንያ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን፣ ክዳኑ የሚገጥምበትን የእናቷን ድስት ጎትታ አመጣችና ገለበጠችው። በሎሚና በጨው ፈትጋ አረንጓዴውን ዝገት ስላስለቀቀችለት እንደ በሰለ ብርቱካን ቀልቷል። ቂጡ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት ልጥፍ ነበረች፤ ዙሪያዋን ድቡልቡል የመዳብ ምስማሮች ተደርድረዋል።

"ይህችስ በምን ተያያዘች?"

አምባቸው ተንበርክኮ ጥፍሩን በልጥፏ ጠርዝ አስኬደ። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም። እጁን ወደ ውስጥ አግብቶም ዳበሰ።

"በመዶሻ!" አለ። "ምስማሩም መዳብ ነው። ከውጭ አስገብቶ ጫፉን ከውስጥ ደቅድቆታል። የማን እጅ ነው?"

"የአያ ባፈና። የመንደራችን ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ከቤተ እስራኤሎቹ ናቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከነቤተሰባቸው ወደ እስራኤል ሄዱ። እናቴ ከዚያ በኋላ ስንት ሠርግና ስንት ተዝካር እንዳበሰለችበት እግዜር ይወቀው። ጠብታ አፍስሶ አያውቅም።"

አምባቸው ብድግ አለ። ከዚያ የመበየጃውን እሳት አጠፋ። ከመደርደሪያው ሥር ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ አወጣ፣ ላስቲኩን ገፈፈና ውስጡ ያለውን መዳብ በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ ምስማር አደረገው። የአንገቷን ግርጌ በመዶሻ ወደ ውጭ እየቀለበሰ እንደ አበባ ከፈታት፤ ከክዳኑ ጋር አጋጥሞም ስምንት ቦታ በሳ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምስማሮች ተጣመሙበትና ነቅሎ ጣላቸው። ሦስተኛው ላይ እጁ ለመደ።

"ሥራ እያስተማሩኝ ነው እኮ" አለ እየሳቀ።

"እኔ አይደለሁም፤ አያ ባፈና ናቸው።"

ሰባተኛውን ሲመታ በሩ ጨለም አለ። ጋቢ የደረበ፣ እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለወሰ ቦት ጫማ ያደረገ ሰው ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

"ምነው የትነበርሽ!" አለ። "የእናታችንን ድስት በመዶሻ?"

ማንያዘዋል ነበር። ከጥር ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

"እንደምን አደርክ፣ አያ። ና ግባ። ድስቱ ያውልህ፣ አንዲት ጭረት አልነካችውም። የተበሳው ክዳኑ ነው።"

"ድስቱ ለብየዳ ቤት ተሰጠ ሲሉኝ አረሙን ጥዬ መጣሁ። ምን ሊሆን ነው የሚበሳው?"

"አረቄ ላወጣበት።"

"እንደገና?"

"እንደገና።"

"ልጄ መላጧ አልበቃሽም?"

አምባቸው መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። የትነበርሽ ግን ከወንድሟ ፊት ዓይኗን አላነሳችም።

"አብረን ፀዳ እንሂድና በዓይንህ እይ። አይተህ ልክ አይደለም ካልክ ድስቱን ዛሬውኑ ጭነህ ውሰደው። ሌላ ክዳን አሠርቼ እልክልሃለሁ። አረቄ የሚባል ነገርም ከዚህ በኋላ አልነካም።"

ማንያዘዋል ሲያቅማማ ቆየና "እሺ" አለ፤ "ዳኛው እኔ ከሆንኩ እሺ።"

ስምንተኛው ምስማር ከተመታ በኋላ ባጃጅ ውስጥ ድስቱን በመካከላቸው አድርገው ተጓዙ። አምባቸው መሣሪያውን ይዞ ከሾፌሩ ጎን ተጠጋግቶ ተቀምጧል። እስከ ፀዳ ድረስ ማንያዘዋል ድስቱን በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

ጓዳዋን የትነበርሽ ክረምት ሳይገባ ለሁለት ከፍላዋለች። በአንድ በኩል ምድጃው፣ በሌላ በኩል አረቄው የሚጠራቀምበት፣ መካከላቸው የጭቃ ግድግዳ። ከክዳኑ የሚነሳው ቱቦ ግድግዳውን ሰንጥቆ ያልፍና ቀዝቃዛ ውሃ በሞላበት ከወገቡ የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ተጠምዝዞ ይወርዳል።

"ምነው ይኼን ያህል አራቅሽው?" አለ ማንያዘዋል።

"የአረቄ ትነት እንደ ቤንዚን ነው። እሳት ካየ ይያያዛል። ስለዚህ እንዳይተያዩ አደረግኋቸው።"

ድፍድፍ አላስገባችም። "አዲስ ዕቃ መጀመሪያ በውሃ ይፈተናል" ብላ ድስቱን እስከ ወገቡ ውሃ ሞላችው። ዱቄት በውሃ ለውሳ፣ ሊጡን እንደ ገመድ አድቦልቡላ በድስቱ አፍ ዙሪያ ለጠፈችና ክዳኑን ጫነችበት። በላዩ ድንጋይ አልጫነችም፣ ምንም አላሰረችበትም። እሳቱ ተያያዘ። ውሃው ሲፈላ አምባቸው በምስማሮቹ ዙሪያ መዳፉን እያዞረ ፈተሸ፤ ከአንዱ ሥር ጭል ጭል የሚል እንፋሎት አገኘና ክዳኑን አውርደው ሁለት ጊዜ ደቅድቆ አስተካከለው። ሊጡ ታድሶ ዳግመኛ ሲፈላ ምንም አልወጣም። ከግድግዳው ወዲያ ከቱቦው ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

"በቃ፣ ሠርቷል!" አለ አምባቸው። ብየዳ ቤቱን ለሰው ትቶ ስለመጣ ሒሳቡን ተቀብሎ ተሰናበተ። ከበሩ ተመልሶ "እትዬ፣ ሌላ ሰው እንዲህ ሥራልኝ ካለኝ በእርሳስ አልሠራም" ብሏት ሄደ።

ያኔ የትነበርሽ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አነሳችና የቱቦውን ጫፍ ጠቅጥቃ ደፈነችው።

ማንያዘዋል ደነገጠ። "ምን እየሠራሽ ነው?"

"እየደፈንኩት።"

"አንቺ ሴትዮ አብደሻል!"

"አላበድኩም። ከበሩ ወጥተህ ቁምና ከዚያ ሆነህ ክዳኑን ተመልከት። እንዳትጠጋ።" እሷም ከግድግዳው ጀርባ ሆነች።

ጠብታው ቆመ። ውሃው ውስጥ ውስጡን አጉረመረመ። በድስቱ አፍ ዙሪያ ሊጡ አንድ ቦታ አበጠ፣ ሳሳ፣ ከዚያ ፍሽሽ ብሎ ተቀደደ። ክዳኑ የጣት ውፍረት ያህል ብድግ አለና እንፋሎቱን በጎን ለቆ ተመልሶ ተቀመጠ። ሌላ የሆነ ነገር የለም። የትነበርሽ ጨርቁን መንጥቃ አወጣች፤ ዞራም ሄዳ እንጨቱን ከምድጃው ጎተተችና አጠፋችው።

ማንያዘዋል ቀስ ብሎ ገባ። ምድጃው ዙሪያ የተፈናጠረውን ሊጥ በዱላው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

"ሊጥ!" አለ።

"ሊጥ ነው። እንፋሎቱ ሲበረታ ከሁሉ በፊት የሚሸነፈው እሱ ነው። ድስቱ ሳይጎዳ፣ ሰው ሳይጎዳ ይተነፍሳል።"

"ሸጋ ነው" አለ ማንያዘዋል። የማይዋሽ ሰው ነው። "ሙያሽን አልክድሽም፣ ሸጋ ነው።" ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። "እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣ ያ በርሜል ምነው እንዲህ ሳይተነፍስ ቀረ?"

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ለጎረቤት፣ ለሐኪሞቹ፣ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር የሰጠችው መልስ ነው። "በርሜሉማ አርጅቶ..." አለች። የቀረውን ግን አፏ እምቢ አላት። ገና አሁን፣ በዚሁ ወንድም ፊት፣ ክዳን እንዴት መተንፈስ እንዳለበት ስታሳይ ቆይታለች።

"አርጅቶ አይደለም" አለች። "ክዳኑን በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ አያ። እንፋሎቱ ሲባክን አረቄው አነሰብኝ። ስስት ነው ያሰረው።"

ማንያዘዋል መደቡ ላይ ተቀመጠ። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ይጮሃል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልጮኸም።

"እስከዳር ይህን ታውቃለች?"

"አታውቅም። ሳስረው ኮሌጅ ነበረች።"

"እንግዲያስ ስሚኝ። ያቺ ልጅ ከጥር ጀምራ 'እንጨቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ፤ የአክስቴን ሥራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ' እያለች ታለቅሳለች። ወደ ትምህርቷ አልመለስም ያለችው ለጠባሳዋ አፍራ መስሎሽ ይሆናል። በምን ዓይኔ አያታለሁ ብላ ነው።"

የትነበርሽ ወንድሟን ልታሳየው ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር፤ ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጀችም። እስከዳር ስልክ ሳትደውልላት የቀረችው ተቀይማ ነው ብላ ስታስብ፣ ቅያሜውም ይገባኛል እያለች ዝም ስትል ነው ይህን ሁሉ ወር የኖረችው።

ማንያዘዋል ዱላውን ከጉልበቱ አንስቶ መሬት ላይ አኖረው። ልቡ የራራ ይመስላል።

"ድስቱ እዚሁ ይሁን" አለ። "ለልጅቷም እኔ እነግራታለሁ። ዛሬ ስገባ፣ ቀስ አድርጌ። አንቺ ባትኖሪ ይቀላል።"

"ለማን ነው የሚቀለው?"



የትነበርሽ እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ በቀሚሷ ጠረገች። ከመስኮቱ ደፍ ላይ ስልኳን አነሳችና የእስከዳርን ቁጥር ፈለገች። ሲጠራ ሰማች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ወንድሟ ሊወጣላት ከመደቡ ሲነሳ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቀመጠችው።

"አቤት፣ አክስትዬ?" አለ የተጨነቀ ቀጭን ድምፅ።

"እስከዳር፣ አባትሽ አጠገቤ ነው፣ ደህና ነው፤ አትደንግጪ" አለች የትነበርሽ። "ያን ቀን እንጨቱን አላበዛሽም፣ ልጄ። ስሚኝ፣ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ።"