ያላደገው ወንዝ

ልብስ ሰፊው ወንድሟ አራቱን ደብተሮች በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደረደረና ነፋስ እንዳይገልጣቸው መቀሱን ከላይ ጫነባቸው።

"ይኸውልሽ" አላት። "የተማርሽው ይህንኑ አይደል? እስከ ቅዳሜ አስተካክይልን።"

ደብተሮቹ የአንድ ጨዋታ አራት እትሞች ናቸው። አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይዘው ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚሳካውንና የማይሳካውን ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያላቸው ሁለት ዳይስ ይወስናሉ። የመጀመሪያው ደብተር ወንድምና እህት ሆነው በልጅነታቸው የጻፉት ነው። እሷ ለትምህርት ብላ ርቃ ሄዳ አሥራ ሁለት ዓመት ቀረች፤ ጨዋታው ግን፣ መጀመሪያ አንዲት ነርስ፣ በኋላም አንድ የሚኒባስ ሹፌር ገብተውበት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሳይቀር ቆየ። መጋረጃው ይወርድና በስፌት መኪኖቹ መሃል ዘንዶ ይታረዳል።

"ምኑ ነው የሚስተካከለው?"

"የሚፈራ ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ዘንዶ እየገደሉ ነርሷ አዛጋች። በይሉኝታ እንኳ አፏን አልሸፈነችም! እንዲህ ከሆነ እዘጋዋለሁ። ቅዳሜዬን ሱሪ ባሳጥርበት ይሻለኛል።"

እዘጋዋለሁ ሲል መቀሱን አንስታ ደብተሮቹን ወደ ራሷ ሳበች። ከተመለሰች ገና አራት ወሯ ነው፤ ከዚህ ስፌት ቤት በቀር ሳታንኳኳ የምትገባበት በር አልነበራትም።

የተማረችው ስታቲስቲክስ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ዳይሱን የልብስ ቁልፍ በሚቀመጥበት ጣሳ ክዳን ላይ እየጣለች መዘገበች። የስፌት መኪናው ሲንጣጣ ዳይሱም ሲንጣጣ ወንድሟ ጆሮውን በጥጥ ደፈነ። በየእትሙ ጀግኖቹን ከዘንዶው ጋር አጋጠመቻቸው። በአንደኛው እትም ዘንዶው በአማካይ በስድስተኛው ዙር ይሞታል። በአራተኛው ደግሞ፣ ጉልበቱ አሥር እጥፍ ሆኖ፣ እሱም በስድስተኛው ዙር ይሞታል። ተሳስታ እንደሆነ ብላ ደገመችው። ያው ስድስት።

"ታዲያ ምንድን ነው የተለወጠው?" ብላ ራሷን ጠየቀችና ደብተሮቹን እንደ ታሪክ ታነባቸው ጀመር።

ሁለተኛው እትም የተጻፈው ነርሷ ባኮረፈች ጊዜ ነው። ጀግናዋን ጅብ ቢበላባት ሁለት ወር ቀረች፤ ወንድሟም መታረቂያ እንዲሆን ጉልበቷን ከሰባት ወደ ሃያ አሳደገላት። ባለ ሃያዋ ዘንዶውን መጫወቻ ብታደርገው ሦስተኛው እትም ዘንዶውን አሳደገው። ዘንዶው ሲያድግ ተጫዋቾቹ ጮኹ፤ እነሱም አደጉ። ከዚያ ሹፌሩ መጣ። አዲስ ሰው አንገቱን እንዳይደፋ ተብሎ ከሃምሳ ጀመረ፤ ይህን ያየችው ነርስ ደግሞ አኮረፈች። ኩርፊያ ላይ ኩርፊያ እየተደረበ የሁሉም ጉልበት ሰባ ደረሰ።

ወንዙን ያገኘችው በዚህ መሃል ነው። በአንደኛው ደብተር ሦስተኛ ገጽ ላይ አለ፤ ለመሻገር የጉልበትና የሁለቱ ዳይስ ድምር አሥራ አምስት መሙላት አለበት። ያን ወንዝ ለመሻገር ልጆች ሆነው አንድ ሙሉ የትምህርት ዕረፍት እንደፈጀባቸው ትዝ አላት። አራተኛውን ደብተር ገለጠች። አሥራ አምስት። ባለ ሰባው ጀግና ዳይሱን ሳይነካ ያልፈዋል። ጅቡ አድጓል፤ ዘንዶው አድጓል፤ ወንዙ ግን አኩርፎ ስለማያውቅ፣ የሚጮህለትም ስላልነበረው፣ እንዳለ ቀርቷል። ሌሎቹ ፈተናዎች፣ ገደሉም ረሃቡም፣ እንደዚያው። ብቻዋን ሳቀች።

ቅዳሜ ነርሷ ነጭ ጫማዋን ሳትቀይር መጣች። ሹፌሩም ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ ገባ። በመንገድ ላይ ሲነዳ ያየው ሁሉ "ፍሬን የለው" ይለዋል።

"ዶክተር፣ አለሽ?" አላት እየተቀመጠ። "ስንት ጨመርሽልን?"

"ልቀንስ ነው። የሁሉም ጉልበት ለአሥር ይካፈል። የአንተም ሰባ ወደ ሰባት ይውረድ፣ የዘንዶውም እንደዚያው። ዘንዶው አሁንም በስድስት ዙር ይሞታል፤ ምንም አይጎድልብህም። የሚለወጠው ወንዙ ነው፤ አሥራ አምስቱ እንደገና ይከብዳል።"

"ምንም አይጎድልብህም?" ሹፌሩ ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነ። "ከመንጃ ፈቃዴ ላይ አንድ ቁጥር ሰርዢና ምንም አልጎደለም በይኝ! ከሃምሳ ሰባ ያደረስኩት ሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ ነው። ሳትኖሪ ያደገውን ጀግና ዛሬ መጥተሽ ታሳጥሪዋለሽ?"

"አሳጥሪ ያልኳት እኔ ነኝ" አለ ወንድሟ።

"እንግዲያው ጋሼ፣ ካንተው ጋር ልጣላ። ይህ ከተነካ እኔ የለሁም።"

"እሱ ከሌለ እኔም አልመጣም" አለች ነርሷ። "አንድ ሰው ምን ጨዋታ አለው? ከራሴ ጋር ላኩርፍ?"

ወንድሟ ጠብ ሲመጣ እንደልማዱ አደረገ። የቁልፍ ጣሳውን ከፈተና ከሥሩ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ ያለችው የእህቱ የልጅነት ጀግና ናት፤ ገመድ ገማጅ። ጉልበት ሰባት፣ ገመድ አርባ ክንድ።

"በቃ፣ ተዉት" አለ እርሳሱን እያነሳ። "ላንቺም ሰባ ላድርግልሽና እኩል ሁኑ።"

እጁን ያዘችው። ለምን እንደያዘችው ወዲያው አልገባትም። ሦስት ቀን ሙሉ የለፋችው ጨዋታውን ለማዳን ነው ወይስ አሥራ ሁለት ዓመት ጣሳ ውስጥ የተኛችው ሰባት ዛሬም እንድትበቃት ፈልጋ? ቁጥሩ ይህን አይነግራትም።

"አትጨምርልኝ" አለች። "የነሱንም አትንካ። እንዳለን እንጫወት፣ እኔ በሰባቴ። ወንዙ ጋ አድርሰን።"

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠራረገና ተረከ። ውሃው ደፍርሷል፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ሹፌሩ "ተሻገርኩ" አለ ስልኩን እያየ። ነርሷም ተሻገረች።

"አንቺስ?" አላት ሹፌሩ።

"ስምንትና ከዚያ በላይ ካልመጣልኝ ውሃው ይወስደኛል።"

"ስምንት?" ስልኩን አስቀመጠ። በጣቱ ቆጠረ። "አይመጣም እኮ!"

"ከአሥራ ሁለት ሙከራ አምስቱን ይመጣል።"

"ቆይ፣ ቆይ፤ አትጣይ። ልመለስና ልሸከምሽ። ሰባ ጉልበት ይዤ አንድ ሰው ያቅተኛል?"

ወንድሟ አራተኛውን ደብተር ገለበጠ፤ ስለ መሸከም ምንም የለም። ሦስተኛውንም ሁለተኛውንም አየ። በአንደኛው ላይ፣ ከወንዙ ደንብ ሥር፣ በእህቱ የልጅነት ጠማማ ጽሑፍ አንድ መስመር ነበር።

"'በገመድ የታሰሩ አብረው ይሻገራሉ። ዳይሱ አንዴ ይጣላል፣ በደካማው ጉልበት'" ብሎ አነበበ። "ይህን መቼ ሻርነው?"

ማንም አልሻረውም። እሷ ከሄደች ወዲህ ገመድ የያዘ ጀግና አልነበረም።

"ማለት" አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ፣ "ከታሰርኩ እኔም ሰባት ነኝ?"

"ለወንዙ ያህል" አለችው። "ሰባህ ወረቀትህ ላይ ነው፤ አልነካውም። ግን ውሃው ከወሰደን ሁለታችንንም ነው። ማዶ መቆየትም ትችላለህ።"

ሹፌሩ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። ደጅ አንድ መኪና ሚኒባሱን አንሳልኝ እያለ ጡሩምባ ነፋ። አልሰማውም።

"ተመለስኩ" አለ። "እሰሪኝ። ዳይሱን ግን እኔ ነኝ የምጥለው!"

እጁ አልቦት ስለነበር በሱሪው ጠረገው። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ወንዝ ላይ ዳይስ ጥሎ አያውቅም። ነርሷ ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። ዳይሱ በክዳኑ ላይ ተንከባለለ፤ አንዱ አራት ላይ ተኛ፤ ሌላው ጠርዙን መትቶ ተመለሰና ሦስት ላይ ቆመ።

"አሥራ አራት" አለች ነርሷ። "በአንድ ጎደለ! በአንድ እኮ ነው! እኔስ? ማዶ ብቻዬን ልቀር?"

ወንድሟ ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለ። የሚቀጥለው መስመር "ውሃው ይወስዳቸዋል" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ገጹ ባዶ ነው። ዓይኑን ወደ እህቱ አነሳ። ያንን ስትጽፍ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው አላሰበችም ነበር።

"ገመዱ አልተበጠሰም አይደል?" አለ ሹፌሩ፤ ሁለት እጁን አንድ ነገር እንደጨበጠ ጠረጴዛው ላይ ይዞ።

"አልተበጠሰም" አለችው።

"እንግዲያው ጋሼ፣ በል ንገረና! ወዴት ወሰደን?"

ወንድሟ ገና ያልተጻፈበት አምስተኛ ደብተር ሳበና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። እርሳሱን በምላሱ አርጥቦ ማሰብ ጀመረ።