የማይጎርሰው ቀለህ

ጠመንጃ አዳሹ አስረስ ሲፎክር ማጂ ያለ ውሻ ይጮኻል ይባል ነበር። የዚያን ማለዳ ግን ድምፁ ጠፋ። አድሶ ያጠበበውን ባዶ ቀለህ ምንሽሩ ውስጥ ከትቶ መቀርቀሪያውን ገፋ። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀጥ አለ። በመዳፉ መታው። ወይ ፍንክች!

«ምን ሆነ አባዬ?» አለች ልጁ ጽጌሬዳ ከበሩ ላይ።

«ምንም። ጠመንጃው አኩርፎ ነው።»

ጽጌሬዳ አልሳቀችም። ባሏ ሲሞን የዚህን ምንሽር መንትያ ይዞ፣ አባቷ ትናንት የሞላቸውን ጥይቶች ታጥቆ፣ ጎሽ አድብቶ ሊገድል ጎህ ሲቀድ ወደ ቡናው ወርዷል። ጎሽ ማለትም ስሙን ማሳነስ ነው፤ ቴፒ ሆኖ ቢያስነጥስ የሚዛን ተፈሪን ቆርቆሮ የሚገነጥል ፍጡር ነበር! ጎረቤታቸውን ሙሴን ወግቶ ካስተኛው ወዲህ ለቀማ የሚወርድ ጠፍቶ፣ የቀላው ቡና መሬት ላይ እየረገፈ ነው። ጥይት ደግሞ ሁሉም ወደ ሰሜን ግንባር ተጭኗል። ታዲያ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ብድግ ያለው አስረስ ነው፦ «ጓዶች፣ የተተኮሰ ቀለህ ስጡኝ! እንደ ቅቤ ሰተት ብሎ ባይገባ ጢሜን ላጩኝ!»

ቀለህ ሲተኮስ ሆዱ ይነፋል። አስረስ ሰም ይቀባውና ከአሮጌ ካሚዮን አክስል በቦረቦረው የብረት ቅርጽ ውስጥ በመዶሻ እየነዳ ወደ ልኩ ይመልሰዋል።

አሁን የተሰነቀረውን ቀለህ ታግሎ ነቀለው። ጥፋቱ የጠመንጃው ከሆነ ሲሞን ደህና ነው። የቀለሁ ከሆነ ግን፣ በሲሞን ዝናር ያሉትም የዚሁ ወንድሞች ናቸው።

ከሣጥኑ ሥር ከአባቱ የወረሳትን የፋብሪካ ጥይት አወጣ። አፈሙዙን ወደ ባዶው ጓሮ አዙሮ አጎረሳት። ቀጭ! ተዘጋች። ጠመንጃ ጤነኛ ሆኖ በመገኘቱ ሲያዝን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጥይቷን አውጥቶ ኩራዝ ለኮሰ። ባዶውን ቀለህ ከጭሱ ላይ እያዟዟረ አጠቆረው፤ ከትቶ ገፋ፤ መልሶ አወጣ። ጥላሸቱ አንገቱም ትከሻውም ላይ እንዳለ ነው። ከቂጡ አጠገብ ብቻ ተፍቆ ናሱ ብልጭ ብሏል።

«ታችኛው አልጠበበም» አለ በሹክሹክታ። «ቅርጹ ውስጥ እስከ ጥግ አልገባማ!»

በጃርት ወስፌ ቅርጹን ቆረቆረው። ጥቁር ቅርፊት እየተፈረፈረ ወረደ። ሰው ሁሉ ናስ በአመድ ሲወለውል፣ እሱ «የቡና አገር ሰው በቡና ነው የሚሠራ» ብሎ ቀለሁን በቡና ገለባ አሽቶ ነበር። የገለባው ብናኝ ከሰሙ ጋር ተቦክቶ ቅርጹ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተጋግሯል።

«ትናንት የሞላሃቸውስ?» አለች ጽጌሬዳ። «በጠመንጃው ሞክረሃቸዋል?»

«የአስረስ እጅ ይሞከራል እንዴ ብዬ...»

«አባዬ!»

አስረስ የአባቱን ጥይት በጡጫው ጨብጦ ተፈተለከ። ዝናቡ ዓሣ ቡና ዛፍ ላይ የሚሰቅል ዓይነት ነው። ነጋዴው አባፎጊ በቅሎውን እየጎተተ ሲያልፍ አየውና «ጓድ አስረስ! ምላጭ ፍለጋ ነው?» አለው። ሌላ ቀን ቢሆን ከሰባት ትውልዱ ጋር ይሰድበው ነበር። ዛሬ ጭቃውን እየዘለለ አለፈ።

ቡናው መሐል ሲደርስ ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ሲሞን ከዋንዛው ሥር ተንበርክኮ መቀርቀሪያውን በመዳፉ ይደልቃል። ፊት ለፊቱ ቡናው ተከፈለና ቀንድ ወጣ።

«አይጎርስም!» ሲል አስረስ ጮኸ። «ጥፋቱ የኔ ነው! ውጣ፣ ዛፉ ላይ ውጣ!»

ጎሹ ወደ ድምፁ ዞረ። አስረስ እንዴት እንደሮጠ እግሩም አያውቀው፤ ብቻ ሲሞን ከቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ በኮሌታው ሲጎትተው፣ ቀንዱ የጫማውን ሶል ገንጥሎ አለፈ።

ከሥራቸው ጎሹ ግንዱን ይገፋል። ዋንዛው ተንቀጠቀጠ።

«አባባ» አለ ሲሞን ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «እንደ ቅቤ ይገባል ብለውኝ ነበርኮ።»

«ቅቤውን ብርድ አግኝቶት ነው» አለ አስረስ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ሲሞን ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ የተሰነቀረውን ጥይት ነቅሎ ጣለ። አስረስ ጡጫውን ከፈተ፤ የአባቱ ጥይት መዳፉ ላይ ቅርጿን አትማለች።

ሲሞን በጥርጣሬ አያት። «ይቺስ የእርስዎ ሥራ ናት?»

አስረስ ዕድሜውን ሙሉ ብሎት የማያውቀውን አለ፦

«አይደለችም ልጄ። የኔ አይደለችም።»

ሲሞን አጎረሳት። ቀጭ አለች።