ሁለት ጎደሎ ማጫወቻ

አባቷ ከሞቱ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያነባ እሷ የአክስቷ ቀሚስ ጠርዝ መተርተሩን ስታይ ዋለች። "በሆዷ ይዛው ነው" አሉ ጎረቤቶች። ሆዷ ግን የያዘው ነገር አልነበረም። ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ፣ ሐዘኑ የራሷ መሆኑን ታውቃለች እንጂ አይሰማትም።

ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ ወንድሟ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ የአባታቸውን ቤት አብሯት ሊያጸዳ መጣ። አከራዩ ሰኞ ቁልፍ ይረከባል። አልጋውና ቁም ሳጥኑ ወጥተው የቀረው የአባታቸው ጉድ ብቻ ነበር፤ መቶ የሚሞላ አሮጌ የዘፈን ሸክላና ሁለት ማጫወቻ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው የራሳቸውን ማጫወቻ ሳያበጁ ነው የሄዱት።

"የትኛው ነው የሚሠራው?"

"ሁለቱም ግማሽ ግማሹን፣ ጋሼ።"

ባለ እጀታው ግራሞፎን ሲጠመዘዝ ሳህኑ በልኩ ይዞራል፤ ድምፅ ማውጫው ግን ተሰንጥቆ ዝም ብሏል። ባለ ሻንጣው የኤሌክትሪክ ማጫወቻ ድምፁ ደህና ነው፤ አሮጌ ሸክላ ሲያገኝ ግን እየጎተተ ነው የሚያዞረው። አንዱን ሲሞክሩበት ዘፋኟ ድምጿ ጎርንኖ ወጣ።

"ሴትዮዋ ጺም አበቀለች!" ብሎ ጋሼ በሳቅ ፍርስ አለ። እሷም እዚህ ላይ እንደሚሳቅ ገብቷት ፈገግ አለች።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አለና ሁለቱን ጎን ለጎን አስጠጋቸው። መርፌ ያለበትን የኤሌክትሪኩን ክንድ ሽቦው ሳይበጠስ ነቅሎ ወደ ግራሞፎኑ ሳህን ሳበው። "ያንቺ እጅ መርፌ ለምዷል፣ አይንቀጠቀጥም። ያዢልኝ።"

እሱ ጠመዘዘ፤ እሷ ያዘች። መጀመሪያ በቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚወርድ የሚመስል ድምፅ፣ ቀጥሎ የሴት ዘፈን፣ ቀጭንና ጥርት ያለ።

ጋሼ እጀታውን ለቀቀ፤ ሳህኑ ግን መዞሩን አላቆመም። "ይሄ እኮ አባባ ጺማቸውን ሲላጩ የሚያፏጩት ነው" አለና ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ።

ትከሻውን ልትይዘው ፈለገች። የማጫወቻውን ክንድ ብትለቀው ግን ሸክላው ይጫራል። ስለዚህ መርፌውን ከጠርዝ ወደ መሃል ቀስ እያለች ተከተለችው። የወንድሟ ማጅራት መሸበቱን አየች። እጇን አመማት። ሌላ የተሰማት ነገር አልነበረም።

ዘፈኑ ሲያልቅ፣ "አንቺስ?" አላት።

"ምንም አልመጣልኝም፣ ጋሼ።"

"ይመጣል።"

"ባይመጣስ?"

አፍንጫውን ጠረገ። "ባይመጣም ልጃቸው ነሽ። ማን ሊቆጣሽ ነው?"

"እሺ፣ ሌላ አምጣ። በግራዬ ልሞክር" አለችው። እስከ እኩለ ቀን ሰባት ሸክላ አጫወቱ።

ሰኞ ቁልፉን አስረከቡ። ዕቃው በጋሼ መኪና ተጭኖ ልብስ ስፌት ቤቷ፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ጋሼ መንገድ የማይወጣ ዕለት ብቅ ይልና ይጠመዝዛል፤ እሷ ትይዛለች። አንዳንዴ እሱ ያለቅሳል። እሷ ሸክላው እስኪያልቅ ትጠብቀውና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።